ስለ ታላላቅ የጭነት ሥፍራዎችና ስለ ነዋሪው ተቃውሞ

(ለከተማ ነዋሪዎች፥ ለወረዳና ለቀበሌ ሹማምንት የተደረገ ንግግር)



ዛሬ እንድናገርበት የተሰጠኝ ጉዳይ፥ አንድ ታላቅ የጭነት ማራገፊያና የመጋዘን ሥፍራ በከተማ አጠገብ እንዲሠራ አሳብ በቀረበ ጊዜ ነዋሪው ስለሚያነሣው ተቃውሞ ነው። ከወደብ ወደ መካከል አገር በሚወስድ መንገድ ላይ የተቀመጠ ከተማ ሁሉ፥ ዛሬ ባይሆን ነገ ይህ ጥያቄ ሊደርስበት ይችላል። ስለዚህ ነገሩ በር ላይ ቆሞ ሳያንኳኳ አስቀድሞ መመርመሩ ይሻላል።

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ግልጽ ላድርግ። እኔ የመንግሥት ሠራተኛ ነኝ፤ መጋዘን አይሠራ ብዬ ልሰብክ አልመጣሁም። አገራችን የባሕር በር የላትምና ከውጭ የምታስገባው ዕቃ አብዛኛው የሚመጣው በጅቡቲ በኩል ነው። ዕቃው በሰው አገር ወደብ ላይ በዘገየ ቁጥር የማቆያ ኪራይና የኮንቴይነር መቀጫ በውጭ ምንዛሪ ይከፈልበታል፤ ያም ወጪ ዞሮ ዞሮ በዘይቱና በስኳሩ፥ በቆርቆሮውና በመድኃኒቱ ዋጋ ላይ ይደመራል። ማዳበሪያስ የዘር ጊዜ ካለፈ በኋላ ቢደርስ ለገበሬው ምን ይጠቅመዋል? ደረቅ ወደብ የተባለው አሠራር የተጀመረው ይህን ችግር ለማቃለል ነው። ከአዲስ አበባ 70 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የሚገኘው የሞጆ ደረቅ ወደብ እ.ኤ.አ. በ2009 ሥራ ጀመረ፤ የዓለም ባንክም በ2017 ሞጆን ጨምሮ ለአገሪቱ የጭነት አገልግሎት ማሻሻያ 150 ሚሊዮን ዶላር ፈቀደ። ይህ ሁሉ የሚያስፈልግ ሥራ መሆኑን የሚክድ የለም።

ነገር ግን በሞጆ ዙሪያ ያለው የሉሜና የአድአ ምድር በጤፉ የታወቀ መሆኑን ማናችንም እናውቃለን። በሲሚንቶ የተለበጠ መሬት ወደ እርሻነት አይመለስም። ስለዚህ አገር ሁሉ የሚጠቀምበትን ሥራ አንድ ቀበሌ ብቻውን ይሸከመዋል፤ የነገሩም ቁልፍ ያለው እዚህ ላይ ነው። ጥቅሙ በብዙ ሚሊዮን ሕዝብ መካከል ተከፋፍሎ ለእያንዳንዱ የሚደርሰው ጥቂት ሳንቲም ሲሆን፥ ጉዳቱ ግን በጥቂት መቶ ቤተ ሰቦች ላይ ሳይከፋፈል ይወድቃል። ተቃዋሚው ልማት ጠላ የሚባለው ይህ ሒሳብ ሳይታይ ነው።

ውኃን ምን ያስጮኸዋል ቢሉ ውስጡ ያለው ድንጋይ ይባላል። ከእኛ ከሹማምንቱ አንዳንዶቻችን ጩኸቱን እንጂ ድንጋዩን አንፈልግም። ድንጋዩን ያልፈለጉ ሰዎች ምን እንደ ገጠማቸው ለማየት ወደ ጎረቤታችን ወደ ኬንያ ልውሰዳችሁ፤ ለዚያ አገር ነገር የምጠራቸውም ዓመታት በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

በኬንያ ሰሜናዊ የባሕር ዳርቻ ላሙ የምትባል ደሴት አለች። አሮጌ ከተማዋ በምሥራቅ አፍሪካ ካሉት የስዋሒሊ ከተሞች ሁሉ ጥንታዊና በደኅና ተጠብቃ የኖረች ስለሆነች ዩኔስኮ በ2001 በዓለም ቅርስነት መዝግቧታል። መንገዶቿ እጅግ ጠባብ ከመሆናቸው የተነሣ ዕቃ የሚጓጓዘው በአህያ ነው። ሕዝቧም ከጥንት ጀምሮ ኑሮው ከባሕር ጋር የተሳሰረ ነው። ከኬንያ የማንግሮቭ ደን፥ ማለት በጨው ውኃ ውስጥ ከሚበቅለው ዛፍ፥ ከግማሽ የሚበልጠው በዚህች ደሴት አካባቢ ይገኛል፤ የዓሣውም ጫጩት የሚያድገው በዚያ ዛፍ ሥር ነው።

ማርች 2 ቀን 2012 የኬንያው ፕሬዚዳንት ምዋይ ኪባኪ፥ የእኛው ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊና የደቡብ ሱዳኑ ፕሬዚዳንት ሳልቫ ኪር በላሙ ተገኝተው የታላቁን ወደብና የመተላለፊያ መሥመር ሥራ አስጀመሩ። ወደቡ በተሟላ ጊዜ 32 የመርከብ ማቆሚያ እንዲኖረው፥ መንገዱና የባቡሩ ሐዲድም እስከ ኢትዮጵያና እስከ ደቡብ ሱዳን እንዲዘልቅ ታቀደ። እንግዲህ የላሙ ነገር ለእኛ የሩቅ ወሬ አይደለም፤ የመሥመሩ አንድ ጫፍ ሞያሌ ነው።

በሦስቱ መሪዎች ፊት ባንዲራ ሲውለበለብ በባሕሩ ዳር የቆመው ዓሣ አጥማጅ የሚጠይቀው ሌላ ነገር ነበር። ትልልቅ መርከቦች ይገቡ ዘንድ የባሕሩ ወለል በማሽን ተቆፍሮ እስከ 17 ሜትር ተኩል ድረስ መጥለቅ ነበረበት። ቁፋሮው ጭቃውን ያነሣዋል፤ ጭቃውም በኮራሉና በባሕር ሣሩ ላይ ይነጠፋል፤ ዓሣው ይሸሻል። የላሙ አጥማጅ ጀልባ ደግሞ በሸራ ወይም በትንሽ ሞተር የምትሄድ ስለሆነች ዓሣውን ተከትላ ወደ ጥልቁ ውቅያኖስ ልትወጣ አትችልም። ይህን የሚያውቀው አጥማጁ ነበር፤ ያውቃል ብሎ በጊዜው የጠየቀው ግን አልነበረም።

እዚህ ላይ ልብ እንድትሉልኝ የምለምናችሁ ነገር አለ። በየብስ በኩል መሬቱን ለወደቡ የሚለቅ ገበሬ የያዘው መሬት ስፋቱ ይለካል፥ ዋጋው ይተመናል። ለባሕር ግን ደብተር አይሰጥም። አያቱና አባቱ በዚያው ውኃ ላይ የኖሩ ሰው፥ በየትኛውም መዝገብ ላይ ስሙ ስለሌለ፥ ከባለ ካሣው ተራ ውጭ ቀረ። ብዙ ያጣው ምንም እንዳላጣ ተቆጠረ ማለት ነው።

የላሙ ሰዎች ድንጋይ አልወረወሩም፤ መንገድም አልዘጉም። በዚያው በ2012 በማሊንዲ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ክስ መሠረቱ። ሙግቱ ስድስት ዓመት ፈጀ። ኤፕሪል 30 ቀን 2018 ፍርድ ቤቱ፥ የነዋሪዎቹ የንጹሕ አካባቢ መብት፥ የባህላቸው መብትና ስለ ሥራው ተነግሯቸው የመካፈል መብታቸው መጣሱን ገልጦ፥ ለ4,600 ያህል ዓሣ አጥማጆች 1.76 ቢሊዮን የኬንያ ሽልንግ እንዲከፈል ፈረደ። ለአንድ ሰው ቢደለደል ከ380 ሺህ ሽልንግ ጥቂት ይበልጣል። ከዚህም በኋላ ይግባኝ ተጠየቀ፥ ይግባኙንም ድርድር ተከተለው። ወደቡ ግን አልጠበቃቸውም፤ ሜይ 20 ቀን 2021 የመጀመሪያው የመርከብ ማቆሚያ በፕሬዚዳንት ኡሁሩ ኬንያታ ተመረቀ።

አንዳንድ ሰው ይህን ሲሰማ «እንግዲያስ ወደቡ ተሠራ፤ ተቃውሟቸው ምን ፈየደ?» ይል ይሆናል። እኔ ግን ጥያቄውን ገልብጬ ለሹማምንቱ አቀርበዋለሁ። መጀመሪያውኑ አንድ የመንግሥት ጸሐፊ ከመዝገቡ ጋር በጀልባ ተሳፍሮ፥ አጥማጆቹን በየመንደራቸው ቢጽፋቸውና ማጥመጃቸውን በካርታ ላይ ቢያሰፍረው ኖሮ፥ ይህ ሥራ ስንት ቀን ይፈጅ ነበር? እርሱ ባለመደረጉ ስድስት ዓመት ሙግት፥ የጠበቃ ወጪና በሕዝቡ ልብ ውስጥ የቀረ ቂም ተተካ። በዚያችው ደሴት አጠገብ ሊሠራ የታሰበው 1,050 ሜጋ ዋት የድንጋይ ከሰል ኃይል ማመንጫ ደግሞ ከዚህ የባሰ ደረሰበት፤ በጁን 2019 የኬንያ የአካባቢ ጉዳይ ዳኝነት ጉባኤ፥ ሕዝቡ እንደሚገባው አልተመከረም ብሎ የሥራውን ፈቃድ ሰረዘው። የመጀመሪያውን ሥራ ሙግት ተከተለው፥ ሁለተኛው ግን ከመነሻው ቆመ፤ የሁለቱም ጉድለት አንድ ነው።

ይሁን እንጂ ከዚህ ተነሥቶ የባሕር ዳር ሕዝብ ሁሉ ጭነት ይጠላል ብሎ የሚፈርድ ሰው ይሳሳታል። በዚያው በኬንያ በሞምባሳ የሆነው ከላሙ ተቃራኒ ነው። በኦገስት 2019 በሞምባሳ ወደብ የሚራገፈው ገቢ ጭነት ሁሉ በአዲሱ ባቡር ወደ ናይሮቢ ደረቅ ወደብ እንዲሄድ ትእዛዝ ወጣ። በዚህ ጊዜ የሞምባሳ ሕዝብ አደባባይ ወጣ፤ የጮኸውም መጋዘን መጣብን ብሎ ሳይሆን መጋዘን ሄደብን ብሎ ነው። የከባድ መኪና ሾፌሩ፥ ረዳቱ፥ ጎማ የሚለጥፈው፥ ምግብ የምትሸጠው፥ ሁሉም እንጀራው ከጭነቱ ጋር ተጭኖ ሲሄድ አየ። በኖቬምበር 2020 ፍርድ ቤት ትእዛዙን ሕገ ወጥ ነው አለው፤ በሴፕቴምበር 2022 ፕሬዚዳንት ዊልያም ሩቶ ሥልጣን በያዙበት ዕለት የዕቃ ማጣራቱ ሥራ ወደ ሞምባሳ እንዲመለስ አዘዙ። እንግዲህ የላሙ ሰው ወደብ ሲመጣበት ተቃወመ፥ የሞምባሳ ሰው ጭነት ሲሄድበት ተቃወመ፤ ሁለቱም ያሉት ግን «ስለ እኛ እንጀራ ሲቆረጥ እኛ በሌለንበት አይቆረጥ» ነው።

አሁን ወደ ራሳችን ልመለስ። ባሕር ባይኖረንም ደብተር የሌለው ሰው ግን በየከተማችን ዳር ሞልቷል። ከሽማግሌ ባለ መሬት ጋር ተስማምቶ በእኩል የሚያርሰው፥ ላሞቹን በወል ግጦሽ የሚያሰማራው፥ ከወንዙ አሸዋ እያወጣ የሚሸጠው፥ በጋሪ ተመላላሹ፥ በመንገድ ዳር ጉልት የምትቸረችረው፥ ሻይና እንጀራ የምታቀርበው፥ እነዚህ ሁሉ ዓሣ አጥማጆቻችን ናቸው። በአዋጅ ቁጥር 455/1997 መሬቱን ለዘለቄታው ለሚለቅ ገበሬ የመፈናቀያ ካሣው የዓመት ገቢው 10 እጥፍ ሆኖ ይታሰብ ነበር፤ አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ሲወጣ ይህን ወደ 15 እጥፍ ከፍ አደረገው። መልካም ነው። ዳሩ ግን ስሙ በዝርዝሩ ላይ ላልተጻፈ ሰው ባዶ 15 ጊዜ ቢባዛ ያው ባዶ ነው።

ሕጋችን ስለ ምክክር የሚናገረው ቃል ደካማ አይደለም። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 43 ዜጎች የሚኖሩበትን ማኅበረሰብ በሚነኩ ፖሊሲዎችና ፕሮጀክቶች ላይ አሳባቸውን የመስጠት መብት እንዳላቸው፥ በአንቀጽ 44 መንግሥት በሚያካሂደው ሥራ የተፈናቀለ ወይም ኑሮው የተነካ ሰው ተመጣጣኝ ማካካሻ እንደሚገባው፥ በአንቀጽ 92 ደግሞ አካባቢን የሚመለከት ፕሮጀክት ሲታቀድ በቀጥታ የሚነካው ሕዝብ እንዲመከርና አሳቡን እንዲገልጥ ይደነግጋል። አዋጅ 1161ም ሲወጣ፥ መሬቱን የሚለቀው ሰው ቢያንስ ከአንድ ዓመት በፊት እንዲነገረውና እንዲመከር አዘዘ። አዋጆች ከጊዜ ወደ ጊዜ ይሻሻላሉና የሥራ ባልደረቦቼ የሚጠቅሱትን አንቀጽ ከነማሻሻያው አይተው እንዲጠቅሱ አሳስባለሁ። በአሮጌ ቅጂ መከራከር ለእኛም አያምርም።

ችግሩ ከሕጉ ላይ አይደለም፤ ከቃለ ጉባኤው ላይ ነው። በየጽሕፈት ቤቱ ያሉትን ቃለ ጉባኤዎች የገለጠ ሰው፥ «ማኅበረሰቡ ሥራውን በደስታ ተቀብሎ በሙሉ ድምፅ ደግፏል» የሚለውን ዓረፍተ ነገር ስንት ጊዜ ያገኘዋል! ሦስት መቶ ሰው በተሰበሰበበት አንድ እንኳ የተለየ አሳብ ያልተናገረበት ስብሰባ በእውነት ተደርጎ ከሆነ እኔ ብኖርበት ደስ ይለኝ ነበር። በስብሰባው ዝም ያለው ሰው ማታ በጠላ ቤት የሚናገረው አለ፤ ለእኛ የሚጠቅመን ያ የማታው ንግግር ነው። ሰውየው «የላሞቼ ውኃ መጠጫ ይዘጋብኛል» ካለ፥ «የውኃ አቅርቦትን የተመለከተ ሥጋት ተነሥቷል» ብሎ መጻፍ አይበቃም፤ የማን ላሞች፥ የትኛው ውኃ፥ በየትኛው መንገድ እንደሚወርዱ እንደ ተናገረው ይጻፍ። መሐንዲሱ በር ሊያወጣለት ወይም ድልድይ ሊያደርግለት የሚችለው ይህ ሲነገረው ነው።

ምሥጢር አድርጎ የመያዙም ልማድ ብዙ ጉዳት አለው። ዕቅዱ በመሳቢያ ውስጥ ተቆልፎ ሲቀመጥ ሕዝቡ አያውቅም ይባላል፤ ደላላው ግን ያውቃል። ደላላው ቀድሞ ሄዶ ከመበለቲቱ ላይ መሬቱን በርካሽ ይዋዋላል፤ ሌላው ደግሞ በአንድ ሌሊት የጨረቃ ቤት ያቆማል፥ ለካሣ ይሆነኛል ብሎ ባሕር ዛፍ ይተክላል። ከዚያ በኋላ እኛ ሹማምንቱ «ሕዝቡ አጭበርባሪ ነው» እንላለን። የጨረቃ ቤት ያቆመ ሰው አጥፍቷል፥ አልከራከርለትም፤ ነገር ግን በእርሱ ምክንያት አርባ ዓመት በሥፍራው የኖረውን ጎረቤቱን ማጉላላት ፍርድ አይደለም። ድንበሩ አስቀድሞ በሽማግሌ ፊት ተዙሮ፥ ያለው ቤትና ያለው ዛፍ በጊዜው ቢቆጠር ለጨረቃ ቤት ምን ቦታ ይቀርለት ነበር?

ነዋሪው የሚያነሣቸው ሌሎችም ነገሮች አሉ፤ ከእነርሱ በጣም የሚናቀውን፥ የጎርፉን ነገር፥ ጥቂት ላብራራ። የክረምት ዝናብ በእርሻ ላይ ሲወርድ ብዙው ወደ መሬት ይሰርጋል፤ ቀሪው ቀስ ብሎ ወደ ወንዝ ይወርዳል። ያው ዝናብ በሰፊ የሲሚንቶ ሜዳና በመጋዘን ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ ግን የሚሰርግበት የለውምና ሁሉም በአንድ ጊዜ ይፈሳል። በካርታው ላይ የጭነት ሥፍራው ከአጥሩ ጋር ተሥሎ ያልቃል፤ ጎርፉ ግን አጥሩ ላይ አያልቅም፥ የሚገባው ከታች ባለው ሠፈር ቤት ነው። የዚያ ሠፈር ሰዎች መሬታቸው ስላልተወሰደ ለስብሰባ እንኳ አይጠሩም። ስለዚህ «ከአጥሩ የሚወጣው ውኃ በየት በኩል፥ በምን ያህል ቦይ፥ ወደ የት ይሄዳል?» የሚለው ጥያቄ ንድፉ ሳይጸድቅ መልስ ሊያገኝ ይገባዋል። ቦይ በኋላ መቆፈር ይቻላል የሚል ሰው በጎርፍ የተወሰደ ጓዳ አይቶ የማያውቅ ነው።

የመኪናውም ነገር ቀላል አይደለም። ተራ የሚጠብቅ ተጎታች መኪና የሚቆምበት ሰፊ ሜዳ በግቢው ውስጥ ካልተዘጋጀለት በትምህርት ቤቱ ደጅ ይቆማል፤ ሾፌሩም ይህን የሚያደርገው ክፉ ስለሆነ ሳይሆን ሌላ ማቆሚያ ስላጣ ነው። መጸዳጃና ማደሪያም እንደዚሁ።

ስለ ሥራ ተስፋ ግን ለሹማምንቱም ለባለ ሀብቱም የምናገረው አለኝ፤ ከሚገባው በላይ ተስፋ አትስጡ። በኮንቴይነር የሚመጣ ጭነት በክሬንና በፎርክሊፍት የሚነሣ ስለሆነ ቀድሞ መቶ ወዛደር ይሸከመው የነበረውን ጥቂት ሰዎች ይጨርሱታል። ለልጆቻችን የሚሆነው ሥራ የማሽን ነጂነት፥ የመካኒክነት፥ የመጋዘን ሒሳብ ያዥነትና የጉምሩክ ወረቀት ሥራ ነው፤ ይህም ሁሉ ትምህርት ይፈልጋል። ግንባታው ሲጀመር አብሮ ሥልጠና ካልተጀመረ፥ በሩ በተከፈተ ጊዜ የሚገባው ከሌላ ከተማ የመጣ ሰው ይሆናል፤ የእኛ ልጅ የሚያገኘው የዘበኝነት ሥራ ቢበዛ ነው። እንግዲህ የከተማው ሰው «ስንት ሰው ትቀጥራላችሁ?» ብቻ ሳይሆን «በምን ሙያ፥ ማንን፥ መቼ ታሠለጥናላችሁ?» ብሎ ይጠይቅ፤ መልሱም በውሉ ውስጥ ይግባ።

ለናንተ ለነዋሪዎቹም አንድ ቃል አለኝ። «አንፈልግም» የሚል ተቃውሞ ለመሻር ቀላል ነው፤ በሁለት መስመር መልስ ይዘጋል። «ከዚህ ዋርካ እስከዚያ ወንዝ ያለው የወል ግጦሽ ነው፤ የዚህን ያህል ቤተ ሰብ ይጠቀምበታል፤ በሩ ወደ ምሥራቅ ቢዞር መንገዳችን አይዘጋም» የሚል ተቃውሞ ግን አንድ መሐንዲስና አንድ ሹም ተቀምጠው ሳይነጋገሩበት ሊያልፉት አይችሉም። በጽሑፍ ይሁን፤ ቀን ይኑረው፤ ሲቀርብም የመዝገብ ቁጥር ተቀበሉ፥ ቁጥሩንም ቤታችሁ አስቀምጡ። የካሣው ግምት ካልተስማማችሁ ለቅሬታ ሰሚው አካል፥ ከዚያም ለይግባኝ ሰሚው ጉባኤ የማቅረቢያው ጊዜ አጭር ነውና ማስታወቂያው በደረሳችሁ ሳምንት ተነሡ። ማንበብ ለማይችል ጎረቤታችሁም አንብቡለት።

ለሥራ ባልደረቦቼ ደግሞ፥ እንዲህ ያለ አሳብ ወደ ወረዳችሁ በመጣ ጊዜ ሁለት መዝገብ እንድትከፍቱ እመክራለሁ፤ አንዱ ደብተር ላላቸው፥ ሁለተኛው ደብተር ሳይኖራቸው በሥፍራው እንጀራቸውን ለሚበሉ። ሁለተኛውን መዝገብ ይዛችሁ በእግራችሁ ዙሩ፤ ጧት ከብቱ ሲወጣና ማታ ገበያው ሲቆም ሂዱ፤ በቀትር የሄደ ሰው ማንንም አያገኝም። ሕጉ ለእነዚህ ሰዎች የሚሰጠው ካሣ ቢያንስ እንኳ፥ በአዲሱ ሥፍራ አጠገብ የጉልት ቦታ፥ የጋሪ ማቆሚያ፥ የከብት መተላለፊያ ማዘጋጀት ስማቸውን ለሚያውቅ አስተዳደር የሚያቅት አይደለም። መዝገቡም ሲሞላ ግልባጩ በቀበሌው ሰሌዳ ላይ ይለጠፍ፤ የተረሳ ሰው ቢኖር ሌላው አይቶ ይጠቁማል።

የኔ ንግግር ይህን ያህል ነው። ጥያቄና አሳብ ያላችሁ ጸሐፊው እየጻፈ ስለሆነ ስማችሁንና ሠፈራችሁን እየተናገራችሁ ተነሡ። ከወንዙ ማዶ የመጡት መንገዳቸው ሩቅ ነውና እነርሱ ይቅደሙ።